ቢጫ መብራት የበራበት

የሆስፒታሉ የራጅና የስካን ምስሎች ከሚቀመጡበት የዲስክ ቁም ሣጥን ጀርባ ቴክኒሻኗ ተንበርክካለች። ዲስኮቹን የሚያዝዙት ጎን ለጎን የተሰኩ፣ እንደ መንታ የሚመሳሰሉ ሁለት መቆጣጠሪያዎች ናቸው። ከማለዳ ጀምሮ አንዱ አይሠራም። ሌላው የሁለቱንም ሥራ ብቻውን ተሸክሞ እየጋለ ነው።

ሁለት ፎቅ ከፍ ብሎ ባለው የቀዶ ጥገና ክፍል ደግሞ የአንዲት ሴት ራስ ቅል ተከፍቷል። ሐኪሙ ዕጢው የት ጋ እንደሚያበቃ የሚያየው ከዚህ ቁም ሣጥን በሚደርሰው ምስል ነው። ሥራው ገና አራት ሰዓት ይቀረዋል፤ የጋለው መቆጣጠሪያ ያን ያህል መቆየት መቻሉን የሚያውቅ የለም። ስለዚህ የሞተውን ነቅሎ አዲስ መሰካት የግድ ሆነ። በስህተት ደህነኛው ከተነቀለ ግን ምስሉ እዚያው ድርግም ይላል።

አለቃዋን ሠራተኛው ሁሉ «ጋሽ ቀላል» ይላቸዋል። ጣሪያ ቢደረመስም መልሳቸው «ቀላል ነው» ነው። ከቁም ሣጥኑ ፊት ለፊት፣ የመቆጣጠሪያዎቹን ሁኔታ ከሚያሳየው ስክሪን አጠገብ ቆመዋል።

«በይ ንቀይው እንጂ! ምን ያሽኮረምምሻል? ልታገቢው ነው እንዴ?»

«የትኛውን ጋሼ?»

«የትኛውን ትላለች! ቢጫ የበራበትን ነዋ። የታመመው ሲጮኽ አታዪም?»

ግራው ላይ ቢጫ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ቀኙ ላይ ምንም የለም። እጇ የግራውን መያዣ ጨብጧል። በስብሰባ ላይ ተጠርታ ካልሆነ ተናግራ አታውቅም፤ ለአለቃ «አይደለም» ማለት ደግሞ ጭራሽ አልለመደባትም።

«ይቅርታ ጋሼ… ግራው ደህነኛው ይመስለኛል።»

«ቢጫ አብርቶ?»

«የሚያበራው ጓደኛው ስለጠፋበት ነው። የሞተው ማብራትም አይችልም።»

«እኔ ሃያ ዓመት ቢጫ ስነቅል ነው የኖርኩት፣ የኔ ልጅ።»

እጇን ከመያዣው ላይ አነሳች።

«የማይሠራውን መለያ ቁጥር ከስክሪኑ ላይ ያንብቡልኝ።»

«መነጽሬ ቢሮ ቀርቷል።»

«እጠብቅዎታለሁ።»

ጋሽ ቀላል «ዝም ያለች መስላ!» እያሉ ወጡ። እሷ እዚያው እንደተንበረከከች የግራውን ማራገቢያ እያዳመጠች ቆየች። ሲመለሱ ሙቀቱ ሁለት ዲግሪ ጨምሯል።

«ሰባት፣ ሁለት፣ ዜሮ፣ ዘጠኝ» አሉ መነጽራቸውን እያስተካከሉ።

የእጅ ባትሪዋን ግራው ላይ አበራች። የቁጥሩ መጨረሻ ሦስት ነው። ወደ ቀኙ አዞረችው።

«ይድገሙልኝ ጋሼ።»

ደገሙላት፤ አሁን ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

ቀኙን ነቀለችው። የግራው ማራገቢያ ጮኸ፤ ሁለቱም ከቀዶ ጥገና ክፍል ወደሚደወልበት የግድግዳ ስልክ ዞሩ። ስልኩ ዝም አለ። አዲሱን ቀጥ አድርጋ ቀጭ እስኪል ድረስ ገፋችው። መብራቱ ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ቆየ፤ ከዚያ አረንጓዴ አበራ። ትንሽ ቆይቶ የግራው ቢጫ ጠፋ፤ ጩኸቱም ረገበ።

«ለካ እኔ ብሆን…» አሉ ጋሽ ቀላል። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ መወልወል ጀመሩ፤ ንፁሕ ነበር።

ስልኩ ጮኸ። ሁለቱም ደነገጡ፤ ያነሳችው እሷ ነች።

«ቴክኒክ ክፍል ነው?» አለች ከቀዶ ጥገና ክፍል የደወለችው ነርስ። «ሐኪሙ ምስሉን አጉሉልኝ ይላሉ፣ እኔ ደግሞ እንዴት እንደሚጎላ ጠፍቶብኛል።»

«ምስሉ አለ?»

«አለ እንጂ! ከጠዋት ጀምሮ እዚህ አይደል እንዴ።»

«የማውሱን ጎማ ወደፊት ያሽከርክሩት።»

«ቆይ… ኧረ ጎላ! ተባረኪ።»

ነርሷ ስልኩን መዝጋት ረሳችው። ቴክኒሻኗም አልዘጋችውም፤ ከላይ ቤት የሴትየዋን የልብ ምት የሚቆጥረው መሣሪያ ጢት፣ ጢት ሲል ትሰማለች።