ፎቶ የሌለው ብልቃጥ

ጥር 18 ቀን 2015 ዓ.ም. ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ መካነ ሰላም፣ ሆስፒታሉ ውስጥ ካለው የጤና መድን መስኮት ፊት ቆመን ነበር። በዋዜማው ከባለቤቴ አንገት ላይ እብጠት ቆርጠው በብልቃጥ አስቀምጠውታል። ናሙናውን የሚወስደው መኪና ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ደሴ ይነሳል። ካንሰር ይሁን አይሁን የሚታወቀው እዚያ ነው። መድኑ ካልሸፈነው ደግሞ እኛ አንችለውም።

የመስኮቷ ሠራተኛ ሰብሌ የመድን ደብተራችንንና የናሙናውን ወረቀት ጎን ለጎን አየችና ራሷን ነቀነቀች።

«ደብተሩ እንቁ ይላል። ብልቃጡ ድንቅነሽ ይላል። መድን የሚከፍለው ለተመዘገበ ሰው ነው።»

ጥፋቱ የእኔ ነው። በእኛ አገር ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ ስም ታወጣላታለች፤ እናቴም እንቁ አለቻት። እኔ ሳስመዘግብ ሃያ ዓመት የጠራኋትን ስም ሰጠሁ። እሷ ግን ነርሷ ስትጠይቃት አባቷ ያወጣላትን ተናገረች።

«ፎቶውን እይው እስቲ፣ እኔ አይደለሁም?» አለች ባለቤቴ።

«እርስዎ ነዎት። ብልቃጡ ግን ፎቶ የለውም፣ እናቴ። ናሙና ላይ የተጻፈ ስም ደግሞ አይፋቅም። ሁለቱም ስም የአንድ ሰው መሆኑን ቀበሌያችሁ ይጻፍልኝ፤ ወዲያው አትምበታለሁ።»

ቀበሌያችን የአራት ሰዓት መንገድ ነው። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቀረሁ። ባለቤቴ ግን ሳቀች።

«ምን ትገተራለህ! ዛሬ ገበያ ነው። ቀበሌው እኮ ፍየል ሊሸጥ ወጥቷል፤ ጠዋት በሆስፒታሉ በር ሲነዳ አይቼዋለሁ!»

ሮጥን። ፋሻዋን በአንድ እጇ ይዛ ቀደመችኝ። ሊቀመንበራችንን አሕመድኑርን ከብት ተራ አገኘነው፤ አንድ ሙክት በቀንዱ ይዞ በዋጋ ይከራከራል። ማኅተሙ እንደ ልማዱ ኮቱ ኪስ ውስጥ ነበር።

«ወላሂ፣ እኔም የማውቃት እንቁ ስትባል ነው» አለ። «ስሙን ያወጣው ማነው? እሱ ይመስክር።»

እናቴ ቦጋለች ጥቂት ራቅ ብላ ጌሾ ትሸጥ ነበር። ሰምታ ከመደቧ ብድግ አለች።

«እኔ ነኝ ያወጣሁት! ጎረቤታችንም ድንቅነሽ ነበረች። ስጣራ ሁለቱም አቤት ሲሉኝ ምን ላድርግ?»

ከብት ተራው በሳቅ ፈረሰ። አሕመድኑር ሙክቱን ለእኔ አስይዞ፣ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጻፈና አተመ። ገዢው «ፍየሉስ?» ቢለው፣ «ቆይ አንተ፣ ሰው ይቅደም!» አለው።

አምስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ሰብሌ ማኅተሟን አሳረፈች። የመኪናው ሞተር ተነስቶ ነበር። ሾፌሩ ብልቃጡ ያለበትን ሳጥን ሲቀበል ባለቤቴ እልል አለች። ወረፋ የቆሙት ሴቶች ነገሩን ሳያውቁት ተቀበሏት። እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም፤ በሠርጋችን ቀን እንኳ።

ውጤቱ በሃያ ሁለተኛው ቀን መጣ። ካንሰር ነበር። ባለቤቴ በዚያው ዓመት ሰኔ 9 ቀን አረፈች።