ራስ የሌለው እንስሳ

ጉያቱ በነገሌ የሳይንስ መምህርት ከሆነች ገና ዓመት አልሞላትም። የቦረና ልጅ ናትና ከብት መሀል አድጋለች፤ የእንስሳ አካል ማስተማር አይከብዳትም ነበር። ፊት በራስ በኩል፣ ኋላ በጅራት በኩል፤ ላይ ጀርባ፣ ታች ሆድ። አለቀ።

አንድ ቅዳሜ ስኳር ልትገዛ ከነጋዴው ከሰማታር ሱቅ ስትገባ፣ ባለ አምስት ጣት የሆነ ሻካራ ደረቅ ነገር ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አየች።

«ናጋ፣ ጋሽ ሰማታር» ብላ ሰላም አለችው። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የባሕር ኮከብ ነው። ወንድሜ ከሞቃዲሾ አመጣልኝ። በሕይወት ሳለ ይሄዳል፣ እያደነም ይበላል ይላሉ።» አውርዶ ሰጣት። «እስቲ ንገሪኝ መምህርት፣ ራሱ የቱ ጋ ነው?»

ጉያቱ ገለባበጠችው። አምስቱም ጣት አንድ ነው፤ ራስ የለ፣ ጅራት የለ።

«አላውቅም» አለች።

«እኔም ግራ ገብቶኝ ነው። በይ ውሰጂና መርምሪው።»

ቤቷ መስኮት ሥር ቁጭ ብላ አየችው። በአንዱ ገጹ ከየጣቱ የሚነሣ ቦይ መሀል ላይ ይገጥማል፤ እዚያ ትንሽ ቀዳዳ አለች። አፍ ትሆን? መጽሐፏ ስለዚህ እንስሳ ትንፍሽ አይልም።

ዘመኑ አሥመራ የኢትዮጵያ ከተማ የነበረችበት ነውና፣ ክረምት ላይ ለሥልጠና ወደዚያ ስትላክ ይዛው ሄደች። አሠልጣኙ ገና ሲያየው፣ «አዎ፣ አፉ ናት» አላት። «ለዚህ ፊትና ኋላ አይባልለትም። መነሻው አፉ ነው፤ አንዱ ገጽ በአፍ በኩል፣ ሌላው ከአፍ ማዶ።»

ነገሩ ገባት፤ ግን በዓይኗ ካላየች አልሆነላትም። እሑድ ከሥልጠና ጓደኞቿ ጋር ምፅዋ ወደ ባሕሩ ወረደች። ቀሚሷን ሰብስባ ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ ስትፈልግ ቆይታ አንድ አገኘች። አፉን ወደ ሰማይ አድርጋ ገለበጠችው። ከጣቶቹ ሥር የወጡ፣ እንደ ክር የቀጠኑ ብዙ እግሮቹ ባዶውን ዳበሱ። ከዚያ አንዱ ጣት ተጣጥፎ አሸዋውን ጨበጠ፤ ሌላው ተከተለ፤ ቀስ በቀስ ተገልብጦ አፉን ወደ መሬት መለሰ። መንገድም ጀመረ። ፊት ፊት የሚመራውን ጣት ልብ አለች። ድንጋይ ሲገጥመው ግን ሳይዞር በሌላው ጣቱ መሪነት ሄደ!

«ኑ እዩ! መዞር አያስፈልገውም!» ብላ ጮኸች።

መስከረም ላይ ሰሌዳው ላይ ሥላው «በአፍ በኩል»፣ «ከአፍ ማዶ» ብላ ጻፈች። ሁቃ የተባለው ተማሪ እጁን አወጣ።

«የላምስ፣ መምህርት? ከአፍ ማዶ ጅራቷ ነው?»

ክፍሉ በሣቅ አውካካ። ጉያቱም ሣቀች፤ «ልክ ነህ» አለችው።

«አልቅትስ?» አለች ዲንኪቱ። «በሁለቱም ጫፍ ይጣበቃል። አፉ የትኛው ነው?»

ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ ወፍራሙ ጫፍ ነው፣ ገሚሱ ቀጭኑ ነው አለ። ጉያቱ የዕለቱን ትምህርት ተወችው።

«ነገ ከኩሬው አምጡና እናያለን» አለች።

በማግስቱ ተማሪዎቹ አልቅት ብቻ ሳይሆን የምድር ትልና ቀንድ አውጣም በጣሳ ይዘው መጡ። ሁሉም ግቢው ውስጥ ካለው ዋርካ ሥር መሬት ላይ ተቀመጡና አፍ ፍለጋ ጀመሩ።