መቀመጫው አላወቃትም

የትንሿ ትራክተር ሞተር ለአራተኛ ጊዜ ጠፋ። እንደ ሦስቱ ሁሉ አሁንም ጎማው ጉብታ ላይ ወጥቶ ሲወርድ ነው፤ ሳል የለ፣ ጭስ የለ፣ ብቻ አፉን በእጅ እንደያዙት ሰው ጸጥ አለ። ከኋላ ያለው የሣር ማጨጃ ስለቱን ሁለት ሦስቴ በባዶ አዙሮ ቆመ።

ጡረተኛዋ የፊዚክስ መምህርት ቁልፉን ለመጠምዘዝ አልቸኮለችም። ለማንም አትናገረውም እንጂ ይህ ዝምታ መጣፈጥ ከጀመራት ሰንብቷል። ሞተሩ በጠፋ ቁጥር የፖም ዛፎቹ ቀረብ የሚሏት ይመስላታል። ንቦቹ ይሰማሉ፤ በቦዩ የሚወርደው ውኃ ይሰማል፤ ከሩቅ አንድ ሰው ቆርቆሮ ይመታል፣ ድምፁ ከመዶሻው ዘግይቶ ይደርሳል። የሣሩ ብናኝ በጠዋቱ ፀሐይ ውስጥ ተንጠልጥሎ ወደ ላይ ይውጣ ወደ ታች ይውረድ አልለየለትም። እሷም እንደዚያው ናት። ካለፉት ጥቂት ወራት ወዲህ ሰውነቷ ቀልሏታል፤ ስትራመድ መሬቱን የምትነካው በይሉኝታ ይመስላታል። ሠላሳ ዓመት የተሸከምኩትን የጠመኔ አቧራ አራገፍኩ ብላ ደስ ብሏታል። ከሰዓት በኋላ የሚጥላትን እንቅልፍም የጡረታ በረከት ብላዋለች።

ግን ደስታው አንድ ደቂቃ አይቆይም፤ ንዴቷ ይደርስበታል። ስልኳን አውጥታ ደወለች።

"አንተ! ሠራሁት ያልከው ነገር አሁንም ይጠፋል!"

"ቲቸር፣ ደህና አደሩ?"

"ደህና አላደርኩም። ና!"

የተደወለለት መካኒክ ድሮ ተማሪዋ ነበር። ሰፈሩ "ሬዲዮ" ይለዋል፤ የሚዘጋበትን ቁልፍ እስከ ዛሬ ያገኘ ሰው የለም።

ትንሿን ትራክተር ከገዛቻት ሦስት ዓመቷ ነው። በነዚህ ዓመታት ከእሷ በቀር መሪዋን የጨበጠ የለም፤ ባሏም ቢሆን ከሩቅ ነው የሚያያት። በየሃምሳ ሰዓቱ መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ ግራሶ ትቀባለች። ዘይቱን ራሷ ትለውጣለች፤ ፊልትሮውን ራሷ ትፈታለች፤ የራዲያተሩን መረብ ከገለባ ታጸዳለች። ማጨጃው ሥር የተለጠፈውን እርጥብ ሣር በእንጨት እየፋቀች ታነሳለች፣ ያለበለዚያ ብረቱን ይበላዋል። መመሪያ መጽሐፉን ጥጉ እስኪታጠፍ አንብባዋለች። ስለዚህ ትራክተሯ ስትበላሽ ብልሽት አይደለም፤ ስድብ ነው።

ሬዲዮ በአሮጌ ፒካፑ ደረሰ። ምንም ሳይነካ መቀመጫው ላይ ወጣ፣ አስነሳት፣ ጉብታውን አለፈ። ተመልሶ አለፈ። ሦስተኛም አለፈ።

"ይኸው፣ ሰላም ናት! ምናልባት እኔን ትወደኝ ይሆናል።"

"ውረድ!"

እሷ ወጣች። ጉብታው ላይ ሲደርሱ ጸጥ።

"ገባኝ ቲቸር፣ የመቀመጫው ስዊች ነው" አለ ሬዲዮ ተንበርክኮ እያየ። "ሰው ሲቀመጥ ይጫናል፤ ሰው ሲነሳ ይለቅና ሞተሩን ያጠፋል። ነጂው ቢወድቅ ስለቱ እንዳይሄድበት ነው። የእርስዎ ስዊች ሞላው ደክሟል።"

"የደከመ ሞላ በቀላሉ ይጫናል እንጂ እንዴት እንቢ ይላል? ይህን እኮ አስተምሬሃለሁ!"

"ያን ቀን ቀርቼ ይሆናላ" አለና ከኪሱ አጭር ሽቦ አወጣ። "ለማንኛውም መፍትሔው ይቺ ናት። ሁለቱን ጫፍ አገናኛለሁ፤ ከዚያ በኋላ ሰው ይኑር አይኑር አትጠይቅም። የዚህ አካባቢ ትራክተር ሁሉ እንደዚያ ነው።"

"ለዚህ ነዋ ግማሹ ባለ ትራክተር የሚያነክሰው!" ብላ ጮኸች። "የሚያስጠነቅቃችሁን ነገር ሁሉ አፉን በሽቦ ትሰፋላችሁ! መብራት ሲበራባችሁ አምፖሉን ትነቅላላችሁ። ደወል ሲጮህ ደወሉን ትሰብራላችሁ። ከዚያ ደግሞ ምን ነካን ብላችሁ ታለቅሳላችሁ!"

ባሏ በዛፎቹ መሃል ቀስ ብሎ መጣ። በእጁ በሳህን የተሸፈነ ቁርስ ይዟል። በዝምታ የሚኖር ሰው ነው፤ ከእሷ ጋር ለመኖር ሌላ መንገድም የለ።

"አልበላሽም" አላት።

"በኋላ። አሁን ሙከራ ላይ ነኝ።"

ሙከራውን ያወጣችው ራሷ ናት። መጋዘን ውስጥ ያልተከፈተ የማዳበሪያ ጆንያ አለ፣ ልክ ሃምሳ ኪሎ። ጡረታ ስትወጣ የተመዘነችው ስልሳ ሦስት ነው። ጆንያው መቀመጫው ላይ ይቀመጥ፣ የማጨጃው ማያያዣ ይፈታ፣ ሬዲዮ መቀመጫውን ከጎን ሆኖ እንደ ጉብታው ያናውጠው። በሃምሳ ኪሎ ከጠፋ ስዊቹ ጥፋተኛ ነው፤ አዲስ ይመጣል።

"ካልጠፋስ?" አለ ሬዲዮ።

"ይጠፋል።"

ባሏ ሳህኑን ሣሩ ላይ አኖረ፤ ሁለቱ ወንዶች ጆንያውን ከመጋዘን አምጥተው መቀመጫው ላይ አስቀመጡት። ሞተሩ ተነሳ። ሬዲዮ መቀመጫውን ናጠው። ሞተሩ ቀጠለ። "በደንብ!" አለችው። በደንብ ናጠው። ጆንያው እንደ ጌታ ተደላድሎ ተቀምጧል፤ ሞተሩም ዜማውን አላፋለሰም።

"አውርዱት።"

ራሷ ወጥታ ተቀመጠች፤ መቀመጫውን እንዳልለመደው ሰው ተስተካክላ፣ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ። ሬዲዮ እንደ ቅድሙ ናጠው። ጠፋ። አስነሳች። ናጠው። ጠፋ።

ሬዲዮ እጁን ከመቀመጫው ላይ አነሳ።

ዝምታው የቅድሙ ዝምታ አልነበረም። ንቦቹ አሉ፣ ውኃው አለ፣ ሁሉም ግን ከወፍራም መስታወት ወዲያ ማዶ ይመስላል። በሕልም ውስጥ የሚሆነው እንደዚህ ነው፤ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳለ ወንበሩ ማንም የለብኝም ይላል። ለተማሪዎቿ ስንቴ ተናግራለች፦ ውጤቱ ካስደነገጣችሁ መሣሪያውን አትርገሙ፣ መነሻችሁን ፈትሹ። መነሻዋ ስልሳ ሦስት ነበር።

"ጆንያው ይበልጠኛል" አለች ቀስ ብላ።

ባሏ ወደ እሷ ቀረበ።

"ቀበቶሽ ላይ ሦስት አዳዲስ ቀዳዳ አለ" አላት። "በምስማር የምበሳልሽ እኔ ነኝ። አንቺ ማታ ታወልቂዋለሽ፣ ጠዋት ልክሽ ሆኖ ታገኚዋለሽ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም?"

"ተናገርኩ እንጂ። ክሊኒክ እንሂድ አልኩሽ። መጀመሪያ ሥራ ነው ያከሳኝ አልሽ። ቀጥሎ ዕድሜ ነው አልሽ። ሦስተኛውን ረሳሁት፣ ብቻ እሱንም ረታሽኝ።"

አንገቱን ደፍቶ ነው የተናገረው። በእጁ የሸሚዙን ቁልፍ ያዞራል። ይህ ሰው ስንት ጠዋት ቀድሟት ተነስቶ ምስማር እያጋለ እንደነበር አሰበች። አንድም ቀን አልታያትም።

"ቲቸር" አለ ሬዲዮ ሰምተውት በማያውቁት ለስላሳ ድምፅ፣ "ለዛሬ ብቻ... ሣሩ ግማሽ ላይ ነው። እስኪያልቅ ላገናኛት? ሲያልቅ እፈታዋለሁ። እኔ ልሙት!"

ሽቦዋን አየቻት። መዳፉ ላይ እንደ ቀለበት ታበራለች። በጣም ትንሽ ናት። በእሷ ከተገናኘ ሞተሩ ከእንግዲህ አይጠፋም፤ በዛፎቹ መሃል፣ በብናኙ ብርሃን ውስጥ፣ ቀስ እያለች፣ እየቀለለች፣ ማንም ሳያስቆማት እስከ መስመሩ ጫፍ ትሄዳለች። እንዴት ያለ መልካም ጠዋት ይሆን ነበር። ያልታጨደው ሣር በነፋሱ ወደ አንድ ወገን ተኛ፣ ደግሞ ተነሳ።

"አስቀምጣት" አለችው። "ፒካፕህ ናፍጣ አለው?"

"ሙሉ ነው።"

"ክሊኒኩ ድረስ አድርሰኝ።"

ባሏ ቀና አለ። "አሁን? እሺ፣ እሺ... ግቢና ታጠቢ። ቱታውን ቀይሪ፣ እጅሽ ሁሉ ግራሶ ነው። ውኃ ላሙቅልሽ?"

እጆቿን አየች። እስከ ክርኗ ጠቁረዋል። ሞቅ ያለውን ውኃ አሰበችው፣ ሳሙናውን፣ ንጹሑን ቀሚስ። ራሷን ደግሞ ታውቃለች። ታጥባ እስክትወጣ ሦስት ምክንያት ታገኛለች፤ ሦስቱም ጥሩ ምክንያት ይሆናሉ። ከዚያ ሁለቱ ሰዎች አጠገብ ቆማ አንድ በአንድ ታስረዳቸዋለች። ታሸንፋለችም።

ወደ ፒካፑ ሄደች። ከነቱታዋ፣ ከነግራሶዋ ገብታ መቀመጫው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ለባሏም መሃል ላይ ቦታ ለቀቀችለት።

"ምን ትጠብቃላችሁ?" አለች። "ክርክር ሳልጀምር ንዱ!"