የኮርቢኒያን ብረት ጫማ

«ስለ አያቴ እኔን የሚያስተምረኝ ሰው ገና አልተወለደም» አለች ቡርግል፣ የለቀስተኛውን የቢራ ብርጭቆ እየሰበሰበች።

አክስቷ ዘንታ ከሳህኖቹ ቀና ሳትል፣ ያልተወለደውም ቢሆን ብርጭቆ ሳይሰብር ያጥባል አለቻት።

አያቷ ኮርቢኒያን ከሞተ ወዲህ ቤቱ ሾርባና ሐሜት ሲቀዳበት ነው የሚውለው። ጠቡ ግን በብረት ጫማው ነበር። ዘንታ የሞተር ክለቡ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ ትላለች። ቡርግል ደግሞ፣ አብሮኝ ይቀበር ብሎኛል ባይ ናት።

«ለአንቺ ብቻ ነው የነገረሽ?»

«ጋራዡ ውስጥ ከእኔ በቀር ማን ነበርና?»

እውነቷን ነው። በዚያ ጋራዥ ስንት ቅዳሜ ብረቱን ወልውላለች። ኮርቢኒያን ይሽቀዳደምበት በነበረው ሞላላ የአፈር ሜዳ ሞተረኛ የሚታጠፈው ወደ ግራ ብቻ ነው፤ በየመታጠፊያው መሬት የሚልሰውን እግሩን በብረት ጫማ ካላሰረ አለቀለት። ፍሬን ደግሞ የለም።

ማታ ሌንሃርት ባርኔጣውን ይዞ ሲገባ ሹክሹክታው ተነሣ። ለዋንጫው ሲሽቀዳደሙ ኮርቢኒያን ፊት የወደቀው እሱ ነው። «ወይ እሱ ላይ፣ ወይ አጥሩ ላይ» ብሏት ነበር አያቷ አንዴ፣ ከዚያ ወዲያ ዝም። አጥሩን መረጠ። ኮርቢኒያን እስኪሞት አነከሰ፤ ሌንሃርት በዓመቱ ዋንጫውን በላ።

ቡርግል መንገድ ዘጋችበት። «ምን ቀረኝ ብለህ መጣህ? አንዱን እግር እንደሆነ ወስደሃል።»

ዘንታ፣ ሽማግሌ አንተ ይባላል ወይ ብላ ክንዷን ቆነጠጠቻት። ሌንሃርት ግን ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ።

በቀብሩ ጠዋት ሰዉ ቄሱን ደጅ ሲጠብቅ፣ ቡርግል ብረቱን ካፖርቷ ሥር ደብቃ አስከሬኑ ወዳረፈበት ክፍል ገባች። ሣጥኑ ገና አልተከደነም። በግርጌው ቆመች፤ እግሩን የሸፈነውን ጨርቅ ገለጠች። ብረቱን በጥቁሩ ካልሲ ላይ አጥልቃ ጠፍሩን ቆለፈች። መልሳ ስትሸፍነው በሩ ተከፈተ።

ሌንሃርት ነበር፤ ጸበል የሚረጭበትን ቅርንጫፍ ይዟል።

«እዚህም አትለቀውም? ብረቱን አስሬለታለሁ። ዘንታም አንተም ብትፈነዱ አታወልቁትም።»

ሽማግሌው ቅርንጫፉን አስቀመጠ። ጨርቁን ገልጦ አየና ጉልበቱ እየተንቋቋ ተንበረከከ። ጠፍሩን ፈታ። ቡርግል እጅጌውን ጨምድዳ ጎተተችው፤ ዞር ብሎም አላያት። ብረቱን ወደ ሌላኛው እግር አሻገረና፣ ሞተረኛ ከመነሻው መስመር ላይ እንደሚያደርገው፣ ጠፍሩን እስከ መጨረሻው ቀዳዳ ድረስ ስቦ አጠበቀው።

«ብረቱ የግራው ነው፣ አንቺ ጉረኛ» አላት። «ቀኙን የወሰድኩት እኔ ነኝ።»