የሌለ ሰው ጋሻ

በርናባስ እንደ ወትሮው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር ባለው ቤቱ አራት ወንበሮች ደርድሮ ጠበቀ። የመጣችው ሥርጉት ብቻ ነበረች፤ እሷም ከከተማው ዳር ከአያት ሰፈር ሦስት ታክሲ ቀያይራ።

አራቱ ጓደኛሞች ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ካርቶን ላይ በተሰመረ የምናብ አገር ከጭራቅ ጋር ሲዋጉ ኖረዋል። ተዋጊዎቹ ቆርኪዎች ናቸው፤ ዕጣ የሚቆርጠው ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ነው። ጭራቁን የሚያንቀሳቅሰውም፣ ደንብ ሲያከራክር ፈርዶ ፍርዱን ደብተር ላይ የሚጽፈውም በርናባስ ነው። ማቲዎስ ካገባ ወዲህ ጠፋ፤ ፊልሞና ሥራ አግኝቶ ሐዋሳ ገባ። ቆርኪዎቻቸውን ግን በርናባስ አላነሣም፤ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እየወለወለ በየቦታቸው ያቆማቸዋል።

ሥርጉት የራሷን ቆርኪ ገፍታ ከጭራቁ ፊት ገተረችው።

«ጋሻሽ እኮ ባለፈው ተሰብሯል! ወደ ኋላ በይ እንጂ!»

«አንዴ ወጥቻለሁ። ዳይሱን ጣል።»

ዳይሱ ተንከባለለ፤ አሥራ ዘጠኝ። ያለ ጋሻ፣ ሞት ነው።

በርናባስ ካርቶኑ ላይ ጎንበስ አለ። «ቆይ፣ ቆይ። ባለጋሻ በግራው የቆመውን ይከልላል አይደል? ይኸው ማቲዎስ በቀኝሽ ቆሟል። የጭራቁ ሰይፍ ያረፈው በእሱ ጋሻ ላይ ነው፤ ተርፈሻል!»

«የቱ ማቲዎስ? ልጁን ሊያስከትብ የሄደው?»

«ቆርኪው አለ።»

«ደብተሩን አምጣ፣ ክቡር ዳኛ።»

ፍርዱ በገዛ እጁ ተጽፏል። ከአምስት ዓመት በፊት ማቲዎስ በቀረበት ቀን፣ ፊልሞና ከጋሻው ሥር ልጠለል ብሎ ቢለማመጠው፣ በርናባስ «የሌለ ሰው ጋሻ ማንንም አይከልልም» ብሎ ፈርዶበት ነበር። ፊልሞና ሞተ፣ አኮረፈ፣ በሳምንቱም አዲስ ቆርኪ ይዞ መጣ።

«አንቺም አዲስ ቆርኪ ትይዣለሽ» አላት።

ሥርጉት ቆርኪዋን በጣቷ አጋደመችው። በርናባስ ቀና ብሎ አያት። ደንቡን ከእሱ እኩል ታውቀዋለች።

«ሆን ብለሽ ነው።»

«አያት ሩቅ ነው፣ በርኒ» አለች ለስለስ ብላ። «እንደ እነሱ ዝም ብዬ መቅረት ደግሞ አስጠላኝ።»

በርናባስ ብዕሩን አነሣ። «ሥርጉት ፊት ለፊት ቆማ ወደቀች» ብሎ ጻፈና ፈረመበት። ታክሲው ድረስ ሸኛት። ዳገቱን ሲመለስ ከእንጦጦ የወረደው ጉም ሰፈሩን አልብሶት ነበር።

ቤት ገብቶ ሦስቱን ቆርኪዎች ለቀመና ጣሳ ውስጥ ከተታቸው። ሦስቱንም ወንበሮች ከግድግዳው አስጠጋ። ሜዳው ላይ ጭራቁ ብቻውን ቀረ፤ አሸንፎ።