እየለመነች የምትሸነፈው

የአያቲቱ የልጅ ልጅ የሠራውን የቼዝ ፕሮግራም የሚያሸንፍ ሰው አልነበረም። ገዢ ያጣውም በዚሁ ነው። ትምህርቱን ከጨረሰ ጀምሮ ሳሎኗ ጥግ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍቶ ይውላል፤ ምሳው ፊቱ ላይ ይቀዘቅዛል። አያቲቱ ሰበብ እየፈለገች በአጠገቡ ስታልፍ አንገቱን ታያለች። ቀጥኗል። እናቱ ከሞተች ወዲህ በእጇ ያደገ ልጅ ነው፣ ከሱ ሌላ ማንም የላትም። ይኼ ሥራ ካልሆነለት ውጭ አገር ሄዶ እንደሚቀጠር ከነገራት ቀን ጀምሮ እህል አልረጋላትም።

ፕሮግራሙን የሚሸጥለት ሸሪኩ ቀድሞ ሞባይል ይነግድ የነበረ ሰው ነው። አንድ ከሰዓት መጥቶ፣

«ወንድሜ፣ ማን ነው ከፍሎ የሚደበደብ?» አለው።

«ደካማ ደረጃም አለው እኮ።»

«እሱማ እንደ ሊቅ ሲጫወት ቆይቶ ድንገት ንግሥቱን ወርውሮ ይሰጥሃል። ሰው ሲቀለድበት ያውቃል። እንደ ሰው የሚሳሳት ሥራልኝ።»

አያቲቱ ውሃ ይዛ ቆማ ነበር። «እኔ ልጫወትለታ። መሳሳት እንደሆነ አላጣም» አለች። ባሏ በሕይወት ሳለ አስተምሯት ነበር።

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ልጁ ሳቁን አቋርጦ ትኩር ብሎ አያት።

ያ ጊዜ ለሷ የደስታ ጊዜ ሆነ። ልጁ በየቀኑ ከፊት ለፊቷ ተቀምጦ፣ እሷ በሰሌዳው ላይ የምታንቀሳቅሰውን ሁሉ ለማሽኑ ያስጠናዋል። አንድ በሽታ ነበረባት፦ ወታደር መስጠት አትችልም። ከፊት የሚቆሙትን እነዚያን ትንንሾች ሊበላባት ሲጠጋ ነገር ዓለሙን ትታ ወደነሱ ትሮጣለች፤ እዚያ ስትዋከብ ንጉሧ ከኋላ ይታነቃል። ደግሞ ትለምናለች። «ተው ልጄ፣ ይቺን እንኳ ተውልኝ።»

ሸሪኩ አንድ ቀን ይህን ሰማና «ድምፃቸውን ቅዳው» አለ።

አዲሱ ጨዋታ በየሰው ስልክ ገባ። ልጁ ፊቱ መለስ አለ፣ ስለ ውጭ አገር ማውራቱንም ተወ። እሷም ፈጣሪዋን አመስግና ተኛች።

የግፊት መድኃኒቷን ልትወስድ ክሊኒክ ሄዳ ወረፋ ስትጠብቅ ነው የገዛ ድምፅዋን የሰማችው። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ስልኳ ላይ አቀርቅራለች፣ የጥበቃው ሰው በትከሻዋ በኩል ያያል።

«ይቺን እንኳ ተውልኝ» አለ ስልኩ።

«ጨርሻት እንጂ፣ ንጉሧ እኮ ሊታነቅ ነው» አለ ጥበቃው።

«ምን አስቸኮለኝ? መጀመሪያ ወታደሮቿን አንድ በአንድ እለቅምላታለሁ። ቆይ፣ የመጨረሻዋ ላይ ስታለቅስ ስማት።»

ሁለቱ በሳቅ ፈረሱ። ተራዋ ሲደርስ ሠራተኛዋ ቀና ብላ በትሕትና «አቤት እማማ፣ ምን ልርዳዎት?» አለቻት። አያቲቱ መድኃኒቷን ሳትጠይቅ ዞራ ወጣች።

ቤት ገብታ ነገረችው። ቀና እንኳ አላለም።

«እሱ እኮ ነው የሚሸጠው እማማ። ሰው ቶሎ አይጨርስሽም፣ እያጫወተሽ ይቆያል።»

«እኔን?»

«ማለቴ ማሽኗን።»

ከዚያ ወዲያ አፏን ዘግታ ተጫወተች። ትንንሾቹ ሲበሉ ዓይኗን ከነሱ አንስታ ንጉሧን ጠበቀች። አንድ ቀን አሸነፈችው። እልል ባይልልኝ እንኳ ፈገግ ይልልኛል ብላ ጠበቀች።

«አበላሸሽው» አላት።

ሁለተኛው ጨዋታ ሊወጣ ነው፣ ማሽኗ ገና ብዙ ስህተት መማር አለባት። ሸሪኩ «እናቴ፣ እንደ ድሮዎ ይሁኑልን» ብሎ ተለማመጣት። እሷም ስለ ልጁ ስትል እያወቀች ተሳሳተች፣ እየቀረጿት ለመነች። ልጁ ስክሪኑን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«ማስመሰል ያስታውቃል። ተይው በቃ። የውጭዎቹ እንደሆኑ አሁንም እየጠሩኝ ነው።»

በማግስቱ ከሸሪኩ ጋር ሆኖ ቼዝ የምትችለውን ጎረቤታቸውን፣ ጡረታ የወጣችውን አዋላጅ ይዞ መጣና በአያቱ ወንበር ላይ አስቀመጣት። አያቲቱ ሻይ ይዛ ከኋላ ቆመች።

አዋላጇ ስትጫወት ግድ የላትም። «ውሰደው ባክህ፣ ይሄ ኮሳሳ ምን ያደርግልኛል?» እያለች፣ እየሳቀች ወታደሮቿን ትበትናለች። የልጁ ፊት ጠቆረ። ከሸሪኩ ጋር ተያዩ። ሸሪኩ ትከሻውን ሰበቀ፣ ልጁም ኮምፒውተሩን ሊዘጋ እጁን ዘረጋ።

አዋላጇ ሁለት ልጆቿን በአንድ ክረምት ቀብራለች። ለማንም አታነሳውም፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ልብስ ሲያሰጡ፣ ለአያቲቱ ስማቸውን ነግራታለች።

አያቲቱ ሻዩን አስቀምጣ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለች።

«እንደሱ አይደለም የኔ እህት። እነዚህን ትንንሾች እንደ ወለድሻቸው አድርገሽ ነው የምታያቸው።»

«እንደ ልጆች?»

«እህ። እነዚህን ሁለቱን ደግሞ በስማቸው ጥሪያቸው። የነገርሽኝን ስም።»

የአዋላጇ ሳቅ ፊቷ ላይ ደረቀ። ዞራ ጓደኛዋን አየቻት፤ አያቲቱ ዓይኗን ሰሌዳው ላይ እንደተከለች ነች። ልጁ ፈረሱን ወደፊት አስጠጋ። አዋላጇ እጇን ሰበሰበች፣ እንደገና ዘረጋች፣ ከዚያ ትንሹን ወታደር በመዳፏ ሸፈነችው።

«ይሄንን ተወው» አለች። ስንቷን እናት «አይዞሽ» ያለው ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር። «እባክህ።»

ልጁ ማይክራፎኑን በቀስታ ወደሷ ገፋ አደረገና አያቱን ቀና ብሎ አያት። እንዲያ በፍቅር ካያት ሰንብቷል።

«ጎበዝ እማማ» አላት።

እሷም ወንበር ስባ ከአዋላጇ ጎን ተቀመጠች፣ እንዳትነሳም እጇን ትከሻዋ ላይ ጫነች።