ለልብስ ሰፊዋ የተዘመረ ፍትሐት

ቬንዴሊን ክራፍት በሪንደልባክ ልዑላን ግቢ የዜማ ደራሲ ነበር። ሦስት የፍትሐት ቅዳሴዎች ደርሷል፤ ለሽማግሌው ልዑል፣ ለወንድማቸው፣ በፈንጣጣ ለሞተችው ትንሽ ልጃቸው። ሦስቱንም ከመዘምራኑ ጋር በወፍራም ድምፄ ዘምሬያቸዋለሁ። የገዛ ሚስቱ ቫልቡርጋ፣ የእኛን የመዘምራኑን ልብስ የምትሰፋው፣ ስትሞት ግን ግቢው ሠርግ ላይ ነበር። ቄሱ እሷን በንባብ ብቻ ሲቀብሯት፣ ባሏ አዳራሽ ቆሞ የዳንስ ሙዚቃ ይመራ ነበር። «ዛሬስ ልቅር» ብሎ ቢለምንም አልፈቀዱለትም።

በወይን ለቀማ ሰሞን የሟቹ ሽማግሌ ልዑል ባለቤት የነበሩት ልዕልት አዴልጉንደ አስጠሩት። የዜማ ጥራዞቹን ተሸክሜ አብሬው ገባሁ።

«እርጅናው ጠናብኝ፣ ቬንዴሊን። የራሴን ፍትሐት በቁሜ መስማት አምሮኛል። ድረስልኝ።»

«እደርሳለሁ፣ እመቤቴ። ግን መጀመሪያ ለባለቤቴ ሙት ዓመት አንድ እደርሳለሁ።»

የግቢው ሹም ኤግሎፍ ሳቀ። «ለልብስ ሰፊ? ሰውዬ፣ ጤነኛ ነህ?»

«የተቀበረች ዕለት እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም። አሁን አለኝ።»

የልዕልቲቱ ፊት ቀላ። «ውጣ!» አሉት። ሹሙም የግቢው መዘምራን ከግቢ ውጭ እንዳይዘምሩ አዘዘ።

ቬንዴሊን ብርዱን ወራት ሙሉ ጻፈ። ቀለሙ ሲረጋበት ብልቃጡን ብብቱ ውስጥ ያሞቀው ነበር። ሲጨርስ ቢራ ቤት ሰበሰበን።

«ብንባረርስ?» አለው መለከት ነፊው ኩኒበርት።

«ትባረሩ ይሆናል። አልዋሻችሁም።»

«አቤት ልመና ስታውቅበት! አንተ እንኳን ሰው፣ ዶሮም አታባብል!»

ሳቅን። ኩኒበርት ራሱ ግን ቢራውን ጨለጠና «የሠርጌን ሸሚዝ የሰፋችልኝ እሷ ናት፤ እመጣለሁ» አለ። ከዚያ በኋላ ማን ወደኋላ ይላል?

በሙት ዓመቷ ዕለት የከተማው ደብር በዳቦ ጋጋሪውም በቆዳ ፋቂውም ሞላ። በየፍትሐቱ ሰውን የሚያስደነግጠው የፍርድ ቀን መዝሙር መሃል ላይ ሳለን በሩ ተከፈተ፤ ልዕልቲቱ በከዘራ ተደግፈው ገቡ። ድምፃችን ተሰበረ። ቬንዴሊን ዘወር እንኳ ሳይል ወለሉን በእግሩ ረገጠው። «ቀጥሉ!»

ቀጠልን። እሳቸውም የኋላው አግዳሚ ላይ፣ ከቆዳ ፋቂው ጎን ተቀመጡ።

ሲያልቅ ወደ እሱ መጡ። «የፍርዱን ቀን አለሰለስከው። ማንም አይደነግጥበትም።»

«እሷ የምትፈራው ነገር አልነበራትም፣ እመቤቴ።»

ከዘራቸውን ተደግፈው ቀረቡት። «እኔስ?»

«ለእርስዎ ነጋሪት እጨምርበታለሁ።»

ልዕልቲቱ እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ከዚያ «ጨምርበት፣ ይገባኛል» ብለው ክንዱን ይዘው ወጡ።

ማንም አልተባረረም። የሳቸውን ቅዳሴ በዓመቱ ሰምተውት ሞቱ። ቬንዴሊን ግን ከዚያ ወዲያ ለግቢው ሟች ሁሉ፣ ለባልደራሱም ለወጥ ቤቷም፣ ፍትሐት መድረስ ጀመረ። ኤግሎፍ ደጋግሞ ከለከለ። እኛም ደጋግመን ዘመርን።